ካርድ ክፍል ይመድቡኝ

(በአንዲት ወረዳ ከተማ ሆስፒታል፣ የነርሶች ኃላፊዋ የሲስተር አስካለ ቢሮ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፣ አዋላጅ ነርሷ ፋናዬ ስምንት ሰዓት ላይ ተራ መረከብ አለባት።)

አስካለ፦ ካርድ ክፍል? ስድስት ዓመት ያዋለደች ነርስ ካርድ ስትፈልግ ልትውል?

ፋናዬ፦ ካልሆነ ክትባት ክፍል። ልብስ ማጠቢያም ቢሆን አልጠላም።

አስካለ፦ ትቀልጃለሽ። ባልደረባሽ ደረሰ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ማዋለጃው ውስጥ እንደቆመ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተረከብሽው እሱው ራሱ ምጥ አልጋው ላይ ይወድቅልሻል።

ፋናዬ፦ አሁን አይቼው ነው የመጣሁት። የግራውን ጓንት በቀኙ ሊያጠልቅ ይታገል ነበር።

አስካለ፦ ታዲያ አታዝኚለትም? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማሽም?

ፋናዬ፦ ሃምሳዎቹ የታሉ ሲስተር? ሎሚው ነው ያለው። አምስት አዋላጆች ነበርን። አንዷ ወለደች፣ አንዱ ትምህርት ሄደ። እኔ፣ ደረሰና ሰላማዊት ቀረን።

አስካለ፦ እና ሁለት ይሁኑ ነው የምትይኝ።

ፋናዬ፦ እኔ ካለሁበት ሁለት ቢሆኑ ይሻላል ነው የምልዎት።

አስካለ፦ ምን ማለት ነው እሱ? አሞሻል?

ፋናዬ፦ አላመመኝም።

አስካለ፦ ከባልሽ ጋር ተጋጫችሁ?

ፋናዬ፦ ባሌ የሚያየኝ ተኝቼ ነው። በምን እንጋጭ?

አስካለ፦ እንግዲያው ድካም ነው። ድካም የሁላችንም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ደከመኝ ብዬ ስንት ቢሮ አንኳኳሁ መሰለሽ? ጥርስሽን ነክሰሽ ይህን ወር ግፊው። ሰው ይመደባል ብለዋል።

ፋናዬ፦ አምናም ብለዋል።

አስካለ፦ ላም አለኝ በሰማይ ነው ልትዪኝ ነው።

ፋናዬ፦ እርስዎ አሉት።

አስካለ፦ ምላስሽ ዛሬ ስለት አለው። በይ ቁጭ በይና ንገሪኝ፤ እሑድ ምን ሆነ? ደረሰ፣ ፋናዬ ከእሑድ ወዲህ ሰው አታናግርም፣ ምሳዋን እንኳ ከመጋዘኑ ጀርባ ብቻዋን ነው የምትበላው ብሎኛል።

ፋናዬ፦ ሌላስ ምን አለዎት?

አስካለ፦ ሌላ የሚለው አለ?

ፋናዬ፦ የለም። እሱ እሑድ አልነበረም።

አስካለ፦ መዝገቡን አይቼዋለሁ። አምስት እናት አዋልደሻል፤ አምስቱም ከነልጆቻቸው በደህና ወጥተዋል።

ፋናዬ፦ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

አስካለ፦ እኮ ንገሪኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ፋናዬ፦ እናኑ የምትባል ሴት ነበረች። ከቆላው በቃሬዛ ተሸክመው ነው ያመጧት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ገብቼ የሚረከበኝ ስላልነበረ እዚያው ቀጥያለሁ፤ እሷን ስቀበል ሠላሳ ሰዓት አልፎኛል። ምጡ ሲጠናባት እግሯን ትገጥማለች። የልጁ ራስ እየታየ ነው፣ ክፈቺ እላታለሁ፣ ትገጥማለች። ቀስ ብዬ ነገርኳት። ለመንኳት። ጮህኩባት። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ድምፁን ነው።

አስካለ፦ የምኑን ድምፅ?

ፋናዬ፦ የጥፊውን።

አስካለ፦ ጭኗን ነው?

ፋናዬ፦ ፊቷን ነው። በጓንቱ። ጉንጯ ላይ የራሷ ደም ታተመ።

አስካለ፦ ልጁስ?

ፋናዬ፦ በደህና ተወለደ። ሦስት ኪሎ ተኩል፤ እንደ ወጣ አለቀሰ።

አስካለ፦ ተመስገን። አየሽ፣ ባትደነግጥ ኖሮ ልጁ ታፍኖ ይቀር ነበር። አንዳንዴ ለእነሱው ሲባል…

ፋናዬ፦ እኔም ለራሴ እንዲያ ብዬው ነበር። ውሸት ነው። በዚያች ሰዓት ስለ ልጁ አላሰብኩም። ዝም እንድትልልኝ ብቻ ነው የፈለግሁት። ዝም ካለች እቀመጣለሁ ብዬ ነው የመታኋት።

አስካለ፦ ከሰሰችሽ?

ፋናዬ፦ ብትከሰኝ በተሻለኝ። ልጁን ደረቷ ላይ ሳስቀምጥላት እጄን ያዘችና፣ አስቸገርኩሽ እህቴ፣ ይቅር በይኝ አለችኝ። ባሏ ገብቶ ጉንጭሽን ምን ነካሽ ሲላት የአልጋው ብረት መታኝ አለችው። ይህን ስትለው የምታየው እኔን ነው። እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ያውቃሉ? ፎርሙን ሞላሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋት። ወጥቼ ሻይ አዘዝኩ፣ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ። ምንም አልተሰማኝም ሲስተር። ከጥፊው ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

አስካለ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። አንቺ ግን ይኸው አልረሳሽም። ክፉ ሰው ብትሆኚ እዚህ መጥተሽ አትነግሪኝም ነበር። አሁን ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢና ግቢ።

ፋናዬ፦ ትናንት ጠዋት ለደረሰ ከማስረከቤ በፊት አንዲት እናት ሙቀቷን ልለካ እጄን ሳነሳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወሬው ደርሷቸዋል መሰለኝ።

አስካለ፦ ይረሳል።

ፋናዬ፦ ዛሬ ማዋለጃው ውስጥ ስንት አሉ?

አስካለ፦ አራት።

ፋናዬ፦ የመጀመሪያዋ የሆነች አለች?

አስካለ፦ አንዷ።

ፋናዬ፦ ለእኔ ነው የሚሰጧት?

አስካለ፦ ለማን ልስጣት ታዲያ?

ፋናዬ፦ ምሕረት ብትሆንስ? እዚያ አልጋ ላይ ያለችው የገዛ ልጅዎ ብትሆን ግቢ ይሉኝ ነበር?

አስካለ፦ ልጄን እዚህ ምን አመጣት? ምሕረት እዚህ አትወልድም። ሲደርስ ወደ ትልቁ ከተማ ነው የምወስዳት።

ፋናዬ፦ ለምን?

አስካለ፦ ለምን ምን ማለት ነው? እዚያ ሐኪም አለ፣ መሣሪያ አለ።

ፋናዬ፦ እዚህ የሆንነውን ስለሚያውቁ ነው።

አስካለ፦ ተይኝ ፋናዬ።

ፋናዬ፦ እርስዎም መትተው ያውቃሉ።

አስካለ፦ ማን ነገረሽ?

ፋናዬ፦ ማንም። ጥፊ ስልዎት፣ ጭኗን ነው ብለው ጠየቁኝ። መትቶ የማያውቅ ሰው የቱ ጋ ብሎ አይጠይቅም።

አስካለ፦ በሩን ዝጊው።

ፋናዬ፦ ተዘግቷል።

አስካለ፦ ጀማሪ ሳለሁ ነው። ገጠር ጤና ጣቢያ ብቻዬን ነበርኩ፤ ቀንም እኔ፣ ሌሊትም እኔ። ዘነበች ነበር ስሟ። ከመታኋት በኋላ ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በአራተኛው ቀን አለቃዬ ዘንድ ሄጄ እያለቀስኩ ነገርኩት። ምጥ በልመና አይሆንም፣ ትለምጂዋለሽ ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ለመድኩት።

ፋናዬ፦ ስንት ሴት መቱ?

አስካለ፦ የመጀመሪያዋን ስሟን አውቃለሁ። የሁለተኛዋን ፊቷን አስታውሳለሁ። ከዚያ ወዲያ መቁጠር ተውኩ።

ፋናዬ፦ እኔ እንድለምደው አልፈልግም።

አስካለ፦ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል ለስምንት።

ፋናዬ፦ አውቃለሁ። እምቢ ካሉኝ እገባለሁ፤ ደረሰን እዚያ ትቼው አልሄድም። ግን አውቀው እንዳስገቡኝ ይወቁት።

አስካለ፦ ካርድ ክፍል አልመድብሽም። አንቺን እዚያ ብደብቅሽ ነገ ደረሰ ይመታል፣ ከነገ ወዲያ ሰላማዊት። ከዛሬ ጀምሮ አሥራ አምስት ቀን ዕረፍት ውጪ። ዞን ሆስፒታል አንዲት የአእምሮ ሐኪም አውቃለሁ፤ ደውዬ ቀጠሮ እይዝልሻለሁ። ደግሞ አላበድኩም ብለሽ እንዳትቀሪ።

ፋናዬ፦ አልቀርም። ደረሰን ማን ይቀይረዋል?

አስካለ፦ እኔ እገባለሁ። ምጣቸው ያልገፋውን ሁለቱን አምቡላንሱ ወደ ዞን ይውሰዳቸው። ማዋለጃው ከአቅሙ በላይ አይቀበልም፤ አንድ ሰውም ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ አይቆምበትም።

ፋናዬ፦ ዳይሬክተሩ በምን ምክንያት ይሉዎታል። የሰው እጥረት የሚል ደብዳቤ እንደሆነ አንብበውም አይጨርሱት።

አስካለ፦ የሰው እጥረት አልላቸውም። ወረቀት ሳቢና ጻፊ፤ እኔ ጋዋኔን ልልበስ።

ፋናዬ፦ ምን ብዬ ልጻፍ?

አስካለ፦ እናቶችን እየመታን ነው ብለሽ ጻፊ። ስም ስታሰፍሪ ከእኔ ጀምሪ።