ናፍታ የማይጠጣው መኪና

«ኧረ እታለም፣ ይሄ ቀሚስ እንዴት ያምራል! አንገቱን ምነኛ አሳምረሽ ቆረጥሽው? እኔ ብሆን ጨርቁንም ጣቴንም አብሬ ነበር የምቆርጠው። ቤቱስ... ሙቀቱ ደህና ነው? በሩ ክፍት መሆኑ ጥሩ ነው። ትንሽ ጭስ ይገባል እንጂ ጥሩ ነው።»

መምህርቷ ይህን ያለችው በባሏ ታላቅ እህት ስፌት ቤት፣ በሩ አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ በጫፏ ተቀምጣ ነው። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ይዛ ጨርቁ ላይ አጎንብሳለች። ከበሩ ፊት ለፊት ትልቁ የናፍታ ፒካፕ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ባልየው የፊት መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል። የናፍታ ሞተር ቶሎ ቶሎ ማጥፋት ነውር ነው ባይ ነው፤ ደግሞም «የኔ ቆሞ አይጠጣም» ይላል።

ከምሳ በኋላ ገዢዎች መጥተው የልብስ ሰፊዋን ሁለት የስፌት መኪኖች ሊወስዱ ነው። ቤቱንም ልትለቅ ነው። በምታገኘው ገንዘብ ሁሉ ለአማቿ፣ ለልጇ ባል፣ ደጅ የቆመውን ፒካፕ የመሰለ ልትገዛለት ነው። ይህን የመከራት ወንድሟ፣ የመምህርቷ ባል ነው። «ድንጋይ ጭኜ፣ ተጎታች ስቤ፣ በሊትር ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር እሄድበታለሁ» ይላታል። እሷ ደግሞ የወንድሟን ቃል ከራሷ ዓይን በላይ ታምናለች።

መምህርቷ ግን ለማንም ሳትናገር የኖረችው ነገር አለ። ጠዋት ልብሷን ስትለብስ በቀጥታ የምትናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ደፉን ስትሻገር ጠፋባት። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆማ ሒሳብ የምታስተምር ሴት ናት፤ ከክፍል ውጭ ግን ሰው ትክ ብሎ ካያት አንገቷን ትደፋለች። ቀጥተኛው መንገድ ሲዘጋባት በዳር በዳር ሄደች።

«እኔ ምልሽ እታለም... አንድ የማውቀው ሰው አለ። አታውቂውም። ብታውቂውም አታውቂውም። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ! ውሸት የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። የሚወጣው ሁሉ... እሱ ራሱ የሚያምነው ነው። ከዚህ በላይ እውነተኛ ከየት ይመጣል?

«መኪናም አለው። ልክ እንደዚህ፣ ትልቅ፣ ናፍታ የሆነ። የሌላው ሰው እንዲህ ያለ መኪና ይጠጣል። ባዶውን፣ ሜዳ በሜዳ፣ በዝግታ ሲነዱት በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ከሄደ ባለቤቱ እሰየው ይላል። ከተማ ውስጥ ቆም ነሣ ሲል ስድስቱም ያቅተዋል። ድንጋይ ጭኖ፣ ተጎታች ስቦ፣ ዳገት ሲወጣማ አራት ካገኘ ጎረቤት ይጠራል። ምን ይደረግ? ከባድ ነው። ጎማው ወፍራም፣ ደረቱ ሰፊ፤ ነፋሱን እንደ ግድግዳ እየገፋ ነው የሚሄደው። ያንን ሁሉ ብረት ምን ይግፋው፣ ወሬ? የዚህ ሰው ግን... ዐሥራ አራት! ከነጭነቱ! እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ዐሥራ አራት ሲል ስሰማ ዝም ነው ያልኩት። ተአምር ላይ ሒሳብ ምን ይሠራል?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። ሰው ሲታማ መስማት ትወዳለች፤ ነገሩ ወደ ማን እንደሚሄድ ገና አልገባትም። የደጁ ጨርቅ መስታወቱ ላይ ክብ መሥራቱን ቀጠለ።

«አነዳዱንስ ብታዪ! ዛፎቹ ናቸው ወደ ኋላ የሚሮጡት። ዝግ ብሎ የሚነዳ ናፍታ የሚቆጥብ ድኻ ነው፤ እሱን ምን ቸገረው? ሰው ሊሰናበት ሲወርድ እንኳ ሞተሩ እንደበራ ነው። ስንብቱ ደግሞ... አንቺ ታውቂያለሽ... ማለቴ፣ ሰውየውን ብታውቂው ኖሮ ታውቂ ነበር። ከስንብቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ቀሚስ ትጨርሻለሽ። ጓደኛው "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ቆሞም ይጠጣል እኮ" ቢለው ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? "የኔ ሲቆም ያርፋል።" እውነቱን ነው። ሁላችንም ስንቆም አይደል የምናርፈው?»

ደጅ የነበረው ሞተር በዚህ ጊዜ ጠፋ። መንገዱ ጭር አለ፤ የልብስ ሰፊዋ መቀስ ጨርቁን ሲበላው ይሰማ ጀመር። ባልየው የፊቱን መስታወት ትቶ ለበሩ የሚቀርበውን የጎን መስታወት ይወለውል ገባ። የጎኑ ግን ቀድሞውኑ ንጹሕ ነበር።

«እሰይ፣ ጸጥ ሲል እንዴት ደስ ይላል! የት ደርሼ ነበር? አዎ... የሰውየው በረከት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የሱ የነዳጅ ጋን ደግሞ እያደር ይሞላል። ድንጋይ ማውጫው ድረስ ደርሶ ይመለሳል፤ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል። እንቅልፉ የጻድቅ ነው፣ ቤቱ ቢነሣ እሱ አይነሣም። ሲነቃ ወጥቶ መለኪያውን ያያል። ወርዶ መገኘት የነበረበት ቀስት ሽቅብ ያየዋል! ማደያ ሄዶ ሲያስሞላ ብዙም ሳይገባ ጢም ይላል። ከዚያ የሄደውን ለቀዳው ያካፍላል... ዐሥራ አራት። የማካፈል ስሕተት የለበትም፤ እኔ ራሴ አይቼለታለሁ። እንዲያውም ጋራዥ እየሄደ ሌሎቹን ይመክራል። አንዱ ምስኪን "የኔስ ለምን አይሄድም?" ብሎ ሞተሩን አስፈታ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ከተፈታ በኋላ ግን ታመመ።

«ምቀኛ አይጠፋም መቼም። ምን ይላሉ መሰለሽ? "ሚስት አለችው" ይላሉ። አትስሚያቸው። እሷ ምን ሚስት ናት፣ ድምፅ እንኳ የላትም። ብቻ ወሬው እንዲህ ነው። ሰውየው መኪናውን የገዛው ከእናቱ የደረሰውን ቦታ ሸጦ ነው...»

መቀሱ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ አሁንም ቀና አላለችም፤ ዓይኗ ግን ጨርቁን ማየት ትቷል። ከእናቱ የደረሰውን ቦታ ሸጦ መኪና የገዛ ሰው እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ቦታው ከእሷ ድርሻ ጋር አጥር ይጋራ ነበር።

«ቁረጪ እንጂ እታለም፣ ወሬ እኮ ነው። በገዛ ሰሞን ጋራዥ ያሉት ሰዎች ሳቁበት። "ይሄ መኪና አይደለም፣ በርሜል ነው፤ ጭነህ በሊትር አራት ከሄደልህ ደግስ" አሉት። የተናገሩት ልክ ነበር፣ የሳቁት ግን ልክ አልነበረም። ሰውየው ቤቱ ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል አልቀምስም አለ። "የእናቴን መሬት ለበርሜል ሰጠሁት" ብሎ እንደ ሕፃን... ተዪው፣ እሱን እንኳ አላወራም። ያቺ ሚስት ተብዬ አንጀቷ አልችል አለ። በማግሥቱ እሱ ጋደም ሲል ከማደያ አንድ ጄሪካን አስቀድታ ጋኑ ውስጥ ገለበጠችው ይላሉ። እስኪጽናና ድረስ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ተነሥቶ ቀስቱን ሲያይ እያፏጨ ገባ፣ ራት አቅርቡልኝ አለ። እንግዲህ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? "ያፏጨኸው በኔ ጄሪካን ነው" ብለሽ ከአፉ ላይ ትነጥቂዋለሽ?

«አንዱ ቀን ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ ልማድ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ጄሪካን ቢያብርም ዝሆን ያጠጣል። ለናፍታው መግዣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሰው ልጅ ታስጠናለች። ባሏ ታዲያ "ምን ያደክምሻል፣ እኔ እያለሁልሽ?" ይላታል። አለላት፣ ይህን ማን ይክዳል? ናፍታ ቀጂው እንኳ እንደ ሰው "ደህና ነሽ ወይ?" አይላትም፣ "ዛሬስ ስንት?" ነው የሚላት። የአስተማሪ እጅ መሽተት ያለበት ጠመኔ ጠመኔ አይደል? የሷ ናፍታ ናፍታ ይላል። ባሏ አንድ ቀን እጇን ያዝ አድርጎ ምን አላት? "መኪናዬን ከመውደድሽ የተነሣ ሽታዋ ተጋባብሽ!" እንዲህ ዓይነት ፍቅር በየትኛው ቤት ይገኛል?

«አንድ ሰሞን ጉንፋን ጥሏት ተኛች። መኪናውም አብሯት ታመመ፤ ከዐሥራ አራት ወደ አራት ወረደ። ባልየው ደነገጠና መካኒክ ቤት ይዞት ሮጠ... መኪናውን ማለቴ ነው። የአየር ማጣሪያ ተለወጠለት። ለውጥ የለም። እሷ ድና ስትነሣ መኪናውም ዳነ። "አላልኳችሁም? ማጣሪያው እስኪለምድ ነው!" አለ ሰውየው። እጇ አልታዘዝ ብሏት አብዝታ የገለበጠች ቀንማ መኪናው ሲወጣ ከነበረው የበለጠ ነዳጅ ይዞ ተገኘ። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ይጠረጥራል፣ አይደል? እሱ ግን ሰፈሩን ሰብስቦ "ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ናፍታውን መልሶ ይሠራዋል" ብሎ አስረዳ። ሰዉም ገባው። እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ፤ ተማሪ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ።»

መምህርቷ ይህን ስትል ፊቷ አልተፈታም። ጉንጯ ግን ጋለ። ከልብስ ቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ አንዲት ነጭ ቁልፍ አንሥታ በጣቶቿ መሐል ታሽከረክራት ጀመር። ከደጅ የሚሰማ የጨርቅ ድምፅ የለም።

«ደግሞ ቸርነቱ! በረከቱን ለብቻው አይበላም። ለሥጋ ዘመዱ "አንቺም ያለሽን ሽጪና ግዢ" ይላታል። ክፉ አስቦ እንዳይመስልሽ። ክፉ ቢሆንማ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ያሰላል። እሷም እሺ ትላለች። እህት ወንድሟን ካላመነች ማንን ታምናለች? በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይላሉ፤ የዚህኛው ቤት በሬ ገደሉንም አይቷል፣ የረሳው ዳገቱን ነው። እና ነገ አማቿ ድንጋዩን ጭኖ ዳገቱ ላይ ቀጥ ሲልበት... ያን ጊዜ ጄሪካን የሚሸከመው ማን ነው? ልጅሽ... ማለቴ፣ የሴትዮዋ ልጅ። ጎበዝ ናት አሉ። ክንዷ ጠንካራ ነው። ችሎ ዝም ማለቱን ታውቅበት እንደሆነ እንጃ፤ እሱ ቀስ እያለ የሚለመድ ትምህርት ነው።

«መኪናው አይረባም አላልኩም እኮ! ተራራ ይጎትታል። የጎተተውን ያህል ይጠጣል እንጂ። ይጠጣል ብሎ፣ በአራት አስልቶ፣ ከገዛው ምን ይወጣለታል? ይጠጣል ብሎ የገዛ ሰው ሚስቱም ከሰዓት በኋላ ጋደም ትላለች።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ለገዢዎቹ ተወልውለው ከተደረደሩት የስፌት መኪኖች ወደ አንደኛው ሄደች። ሽፋኑን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ አራግፋ፣ አለበሰችው። ሁለተኛውንም እንደዚያው አደረገች። ከዚያ ወንበሯን ወደ አንደኛው አስጠግታ ተቀመጠችና መዳፏን ሽፋኑ ላይ አሳረፈች፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትነካ።

መምህርቷ ወደ ደጅ ዞር አለች። ባሏ የነዳጅ ጋኑን ክዳን ከፍቶ በእጁ ይዞታል። ጎንበስ ብሎ ወደ ጨለማው ቀዳዳ ያያል። ሲያዩት ትንሽ ሰው መስሏል። ሆዷ ሊራራ አለ። ሆዷ ሲራራ ደግሞ ወዴት እንደሚወስዳት ታውቃለች፤ እስከ ዛሬ የወሰዳት ማደያ ነው። ስለዚህ ፊቷን መልሳ፣ ቁልፏን ቆርቆሮው ውስጥ ጨምራ፣ ተነሣች።

«በይ ልሂድ እታለም፣ ሥራ አስፈታሁሽ። የሰው ስም አንሥቼ ከሆነ አፉ በይኝ... አላነሣሁም መሰለኝ። ሰውየውን ግን ሳልመርቀው ብሄድ ይከብደኛል፤ ደግ ሰው ነው፣ ምርቃት ሲያንሰው ነው። ዕድሜና ጤና ይስጠው። እንቅልፉን አይንሣው። ያቺ ሚስቱም ከጄሪካኑ ትረፍለት። መኪናውን ደግሞ... ከዛሬ ጀምሮ፣ ልክ እሱ በአፉ እንደሚናገርለት ያድርግለት። አሜን በይ እንጂ!»