ሐሙስ የገባው ፋይል

«እኔ አላስገባሁትም እኮ ነው የምልዎት፣ ጋሼ!»

«ታዲያ በእግሩ ሄዶ ገባ? አንቺ ሳትመጪ ይህ ኮምፒውተር እንደ ፈረስ ይጋልብ ነበር። ዛሬ አንድ ፎቶ እስኪከፍት ፂሜ ይሸብታል። የማላውቀው ፋይል ደግሞ እንደ አሸን ፈልቷል!»

ይህን የሚለው ባለ ብሩሹ ነው። በዚያ ፎቶ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ኮምፒውተር ሳይመጣ የፊልም ጭረት በቀጭን ብሩሽ እየሞላ የሰው ፊት ያሳምር ስለነበር፣ ቅጽሉ ስሙን ዋጠው። ልጅቱ ግን ሙያውን በትምህርት ቤት ተምራ ከመጣች ገና ሦስት ወሯ ነው።

ጠዋት የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደውላ፣ «ከሁለት አንዳችሁ ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ ትሄዳላችሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ እንነጋገራለን» ብላ ነበር። አዲሱ ቅርንጫፍ ጉርድ ፎቶ ብቻ የሚነሣበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለ ብሩሹ የሚላከው እሱ እንደሚሆን አልጠፋውም። ደንበኞች በር ላይ ቆመው «ልጅቱ የለችም እንዴ?» ሲሉ በሰማ ቁጥር ወንበሩን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። ቅናት ክፉ መነጽር ነው፤ ያጠለቀው ሰው የገዛ እጁን ሥራ እንኳ የሌላ ሰው አድርጎ ያያል።

«ስሙን የማላውቀው ሁሉ ከዚህ ይውጣ!» አለ ማውሱን እያንቋቋ። «አንዱንማ ጠዋት አሰናብቼዋለሁ።»

ልጅቱ ደነገጠች። «የትኛውን?»

«እኔ እንጃ! ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት።»

«ለዚህ ነዋ ማተሚያው ከጠዋት ጀምሮ ዝም ያለው! ጋሼ፣ እርስዎ የማያውቁት ሁሉ ሌባ ነው እንዴ? ማሽኑ ራሱ የቆመባቸው ፋይሎች አሉ። እነሱን ማጥፋት ‹ይህ እንጨት ምን ያደርጋል?› ብሎ የቤት ምሰሶ መንቀል ነው።»

ባለ ብሩሹ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ባለቤቲቱ መጥታ ማተሚያው ሞቶ ብታገኘው ነገሩ ያለቀ ነው።

«የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫት ባዶ አድርገውታል?»

«ኧረ አላደረግሁም። የተበላሸ ፊልም እንኳ ደንበኛው ፎቶውን ሳይወስድ ጥዬ አላውቅም።»

ልጅቱ ሳቀች። «መልሱን እርስዎ ይዘውት ነው ለካ የምንጨቃጨቀው!» ፋይሉን ከቅርጫቱ አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችው። ማሽኑ ተዘግቶ ሲከፈት ማተሚያው አጉረመረመና ወረቀቱን ጎተተ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ባለ ብሩሹም አለቀቀም። «የማተሚያውስ ይሁን። ማሽኑን ያንቀራፈፈው ግን ካንቺ ጋር የመጣ ነው።»

«እንጠይቀዋ። የማያውቁት ሰው በር ሲያንኳኳ ‹ማን ነህ? ከየት መጣህ?› ይሉት የለ? በቀኝ በኩል ይጫኑት፤ የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደገባ ይናገራል። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉት፤ በአንድ ሰው ወሬ ብቻ ግን አይፍረዱ። አንቲቫይረሱም ይፈትሸው። አሁንም ካልለየልዎት አይንኩት፣ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።»

የመጀመሪያው ፋይል የስክሪኑ፣ ሁለተኛው የካሜራው ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው ላይ የሠሪ ስም አልነበረም፤ አንቲቫይረሱም ቀይ ምልክት አወጣበት። የገባው ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ልጅቱ ሐሙስ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አትኖርም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ያን ቀን አንዲት ሙሽራ ‹ፎቶዬን ልጅቱ ካልሠራችው ይቅርብኝ› ብላ ወጣች» አለ ባለ ብሩሹ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «በአንድ ጠቅታ ፊት ያሳምራል የሚል ነፃ ፕሮግራም አገኘሁና አወረድሁ። አንቺን ልበልጥ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ!»

«ጋሼ፣ የዓይን ሥር ጥላ ማለስለስ እኮ ከእርስዎ ነው የሰረቅሁት። ከኋላዎ ቆሜ እያየሁ።»

ይህን አልጠበቀም። ሦስት ወር ሙሉ ጀርባውን ሲወጋው የከረመው ዓይን የተማሪ ዓይን ኖሯል።

«በሉ፣ እርስዎ ራስዎ ይሥሩት» አለችው።

በመጀመሪያ የደንበኞቹን ፎቶዎች በሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠ። ቀጥሎ ነገር ቢበላሽ ማሽኑ ወደነበረበት እንዲመለስ የመመለሻ ነጥብ አስቀመጠ። ከዚያ ፋይሉን ብቻ ቢያጠፋ ሥሩ ይቀራልና፣ ፕሮግራሙን ከፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነቀለው። የተረፈ ካለ ብሎ አንቲቫይረሱን በመላው ማሽን ላይ አስኬደ። ዘግቶ ከፈተ። ጣቱን ከማውሱ ላይ ሳያነሣ ፎቶው ብቅ አለ።

ባለቤቲቱ ስትገባ የአዲሱን ቅርንጫፍ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ደንበኛ ማተሚያው ሞቷል ብሎ ደውሎልኝ ነበር።»

«ጋሼ አስነሡት» አለች ልጅቱ። «ማሽኑንም አጸዱት።»

«እውነት? የእኔም ላፕቶፕ ተንቀራፏል። የማላውቀውን ሁሉ ዛሬ ላጥፋው እያልሁ ነው።»

«እንዳትነኪው!» ባለ ብሩሹ ወንበሩን አዞረ። «ቁጭ በይ እትዬ፣ ላስረዳሽ። አይቶ የሚያጸዳ ሰው ማሽኑ ዕድሜ ያገኛል፤ የደንበኛው ፎቶ አይጠፋበትም፤ ለጥገና አይመላለስም። መጀመሪያ ግን እንግዳውን ማን ነህ ማለት አለብሽ...»

ልጅቱ ለባለቤቲቱ በጣቷ ራሷን አመለከተችና የቅርንጫፉን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሣች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣችና በሩን ቀስ ብላ መለሰችው።

«...መቼ እንደገባ እዪ» ይላል ባለ ብሩሹ፣ «ያን ዕለት እጅሽ ምን ይሠራ እንደነበርም አስታውሺ። ሰው ላይ ከመጮህሽ በፊት።»