ከርቀት የሚታዘዝ ኮምፒውተር

ከሰኮሩ ወደ ጅማ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለችውን ተማሪ ስልክ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ ስልክሽ ላይ የምትሮጠው ቀስት ምንድን ናት?»

«ኮምፒውተር ነው እናቴ። የመመረቂያ ሥራዬን እያሠራሁት ነው።»

«ኮምፒውተሩ የታለ?»

«ውጭ አገር። ተከራይቼው በኢንተርኔት ነው የምገባበት።»

«ያ አላህ! የት አገር?»

«እውነት ለመናገር እኔም አላውቀውም።»

«ሳታይው ይታዘዝሻል?»

«የይለፍ ቃሌን ካስገባሁ ይታዘዛል።»

«መብራት ሲሄድስ?»

«የኛ መብራት እሱን አይነካውም።»

ዳገቱን ስንታጠፍ ስክሪኑ ጠቆረ።

«ውይ! በወሬ አስጠፋሁብሽ?»

«ኧረ አይደለም፣ ኔትወርክ ነው። እኔ ላየው አልቻልኩም እንጂ እሱ ሥራውን አላቆመም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሁሌም እንደዚያ ነው። ስመለስ ብዙ ሠርቶ ነው የማገኘው።»

«ኤዬ... ሳታይውም እየሠራ ነው በይኛ።»

«እየሠራ ነው።»

ጅማ ተቃረብን። እናትየዋ ከነጠላቸው ጫፍ ትንሽ ስልክ ፈተው አወጡ።

«ኔትወርኩ መጣልሽ?»

«መጣ።»

«እስቲ የልጄን ቁጥር ሞክሪልኝ። እኔ ስደውል እምቢ ካለኝ ሰንብቷል።»

ልጅቷ ቁጥሩን አይታ በራሷ ስልክ ደወለች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትንሽ አቆየችው።

«ማግኘት አይቻልም ይላል እናቴ።»

«ሥራ ላይ ነዋ፤ አልሐምዱሊላህ።»

መውረጃዬ ቦሳ ኪቶ ስንደርስ «ወራጅ» ማለት ነበረብኝ፤ ስልካቸውን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ሲቋጥሩ እያየሁ አላልኩም።