ብስክሌቱ እስኪለምደው

እታለም፣ እሰይ መጣሽ! ግቢ፣ ግቢ። ደረጃው አደከመሽ አይደል? እኔንም ሰሞኑን ጉልበቴን ይይዘኛል፤ የአየሩ ጠባይ ነው መሰለኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው? የትንሿ ጥርስ ወጣላት? ተመስገን። እዚህ ሶፋው ላይ አረፍ በይ። ሻይሽን ስኳር አላበዛሁትም፤ ባለፈው በጣም ጣፈጠ ብለሽኝ ነበር… ኧረ በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን። ነፋስ ይግባ። ወንድምሽ ኮሪደሩ ላይ ሥራ ይዟል፤ አንቺ መቼም ቤተኛ ነሽ፣ መፍቻውን ጥሎ ተነስቶ አልሳመኝም ብለሽ አትቀየሚም።

እንዲያው ሥራ ሲነሳ ትዝ አለኝ… አንድ የማውቀው ሰው አለ። አንቺ አታውቂውም። በምን ታውቂዋለሽ? እንዲህ ያለ ሰው ከእናንተ ቤት መቼ ይወጣል? ሒሳብ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ጨዋ፣ ታታሪ፣ ነገር የገባው። ታዲያ ይሄ ሰው ለሥራ መመላለሻ ብሎ ብስክሌት ገዛ። ሚስቱን «በእግር የማጠፋውን ጊዜ አተርፍና ማታ ቶሎ ቤት እገባለሁ፤ ለአንቺው ብዬ ነው» አላት። እሷ ሞኟ ደስ አላት። ጎማውን ሁሉ በጨርቅ ወለወለችለት።

የመጀመሪያ ቀን መቀመጫው ከፍ አለብኝ አለ። ዝቅ አደረገው። ዝቅ ሲል ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ፤ መልሶ ከፍ አደረገው። ከዚያ መሪው ራቀው። መሪውን ሲያቀርብ መቀመጫው ደግሞ ወደ ኋላ የሸሸ መሰለው። ያንን ሲያስጠጋ ፍሬኑ ላላ። ፍሬኑን አጠበቀው፣ አጠበቀው፣ አጠበቀውና… የኋላው ጎማ መዞር ተወ። «አሁን ገና ይታመናል» አለ። እውነቱን ነው እኮ! የማይሄድ ነገር የት ወስዶ ይጥለዋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለሌላው ነው። የኛ ሰው ዳውላውንም ቢሆን በመፍቻ አስተካክሎ ነው።

«ሂድበት እንጂ» ትለዋለች ሚስቱ። «መጀመሪያ ይልመደኝ» ይላታል። ሰምተሻል? እሱ አይደለም የሚለምደው፤ ብስክሌቱ ነው እሱን የሚለምደው! ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፣ ሁሉ ወደ እሱ ይምጣ እንጂ እሱ ወዴት ይሄዳል? ደግ ሴት ናትና «ግቢ እንውረድና ከኋላ ልያዝልህ» አለችው። አኮረፈ። «ልጅ መሰልኩሽ? ከልጅነቴ የማውቀው ነገር ነው!» አላት። እህት አለችው አሉ፣ ታላቁ። «ወንድሜ የማይችለው ነገር የለም» እያለች ያሳደገችው እሷ ናት ይባላል… እግዜር ይስጣት። ፍሬው ይኸው ደርሶ እናየዋለን።

እንዲላመዱ ብሎ መኝታ ቤት አስገባው፣ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መሃል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ፔዳሉ ቅልጥሜን… ቅልጥሟን ማለቴ ነው፣ የሴትዮዋን፣ ቋ ያደርጋታል። እራቱንም እዚያው ላይ ሆኖ ነው የሚበላው። ኩሽና ድረስ ይዞት ይመጣና አንድ እጁን ማቀዝቀዣው ላይ ደገፍ፣ ሄልሜቱን ጥልቅ። ሳህኑን እሷ ቆማ ትይዝለታለች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ የድሮ ሰዎች። ኤዲያ! ይጠምጥም እንጂ! ሲያምርበት ብታዪ። እንኳን ጭንቅላቱ ላይ አንድ ነገር ኖረ።

አንድ ቀን ደግሞ የነፋስ ልምምድ ነው ብሎ ቬንቲሌተሩን ፊቱ ላይ አስከፈታት። በዚያ ነፋስ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ወደ ግራ መታጠፉን ሲያሳይ መጋረጃው ከነብረቱ መጣ። ሚስቲቱ ሳሎኑን አቋርጣ ልታልፍ ስትል ደወል ይደውልባታል። ትቆማለች፣ ታሳልፋለች። ማንን እንደምታሳልፍ እንጃላት፤ እሱ እንደሆነ ከግድግዳው አልተላቀቀ። በየማታው ደግሞ «ከጎን እዪኝ፣ ቀጥ ብያለሁ? ከኋላስ?» ነው። ትጎነበሳለች፣ ታያለች፣ «ቀጥ ብለሃል» ትላለች። ቀጥ ያለ ሰው ነው መቼም፣ ይሄን ማን ይክደዋል?

ምነው እታለም፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ? ጠጪ እንጂ። ኧረ አትደንግጪ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ብሎን ወድቆበት ይሆናል። ይፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እነዚህ ባልና ሚስት ድሮ ጠዋት ጠዋት አብረው ነበር የሚወጡት። እሷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት፣ የሱ መሥሪያ ቤት ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ማታ ሁለቱም ደክሟቸው ነው የሚገናኙት፤ ወሬያቸው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። የሸሚዝ ቁልፍ ጠፋብኝ ብላ ስለምትጨቃጨቅ ደንበኛ፣ ስለ አለቃው ሳል፣ ስላዩት ሕልም ሳይቀር። ትወደው ነበር እታለም። ያንን መንገድ ከምንም ነገር በላይ ትወደው ነበር። ብስክሌቱ ሲመጣ ያ ቀረ። አብሯት ከሄደማ ባለ ብስክሌት መሆኑን በምን ያውቁለታል?

«ታዲያ በምን ይሄዳል?» ትይኛለሽ። በእግሩ ነዋ! ብስክሌቱን እየገፋ። ሰው እንዳያየው በጓሮ በጓሮ፣ በጋራዦቹ ጀርባ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንቁላል ምን ያድርግ፣ ብስክሌት ስላልገዛ ነው። የኋላው ጎማ ደግሞ አይዞርም ብዬሻለሁ፣ ስለዚህ እሱን አንስቶ፣ ግማሹን ተሸክሞ ነው የሚገፋው። ላቡ እውነተኛ ላብ ነው፤ ይሄንን አልክድም። አለቃው በር ላይ በዚያ ላቡ አይቶት ሠራተኛውን ሰበሰበና «ጤንነት ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አስጨበጨበለት። ሲያንሰው ነው! ብስክሌት እየጋለበ የሚመጣማ መዓት አለ፤ ተሸክሞ የሚመጣ ስንት አለ? ከዚያ ጭብጨባ ወዲያ እንግዲህ እንዴት ብሎ ይተወው?

ሴትዮዋ ይሄን ሁሉ በምን አወቀች አትይኝም? አንድ ጠዋት ዋናው መንገድ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ተዘጋና በጓሮ በኩል ዞረች። ከፊቷ አንድ ሰው ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ብስክሌቱን አቅፎ እያለከለከ ይሄዳል። ቀድማው ልታልፍ ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የጋራዥ ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። ምን ያደረገ ይመስልሻል? ደወሉን ደወለና «ደህና አደሩ እመቤቴ» አላት። አንቱ! የገዛ ሚስቱን! ከአንድ አልጋ ተነስተው! እሷስ ምን ትበል፣ «እግዜር ይመስገን» ብላ አለፈች። ያን ቀን ካውያውን የሰው ሸሚዝ ላይ ረስታ ደረቱን አቃጠለችው። አልቅሳ ነበር እታለም። ሰው በሰባራ ብስክሌት ፊት ሲያፍርብሽ ያምማል።

ኮሪደሩ ጸጥ አለ አይደል? መፍቻውን አስቀመጠው መሰለኝ። ጎሽ፣ ይረፍ። በሩን አትዝጊው ብዬሻለሁ፣ ይሞቃል።

አይ፣ ሴትዮዋስ አሁን ደህና ናት፤ አትዘኚላት። ከነሱ ፎቅ በላይ አንድ መነጽር ሠሪ አለ፣ ያ ዝምተኛው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ምስኪን ነው… ብስክሌት የለው፣ ሄልሜት የለው፣ የሚያስተካክለው ነገር የለው። ያሉት ሁለት እግሮች ናቸው፤ እነሱንም ሳይፈታቸው፣ እንደተሠሩ ነው የሚጠቀምባቸው። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ተገናኙና «በዚያ በኩል ነዎት?» አላት። በዚያ በኩል ናት፣ ምን ትበል? መንገዱ የሁሉም ነው። የመጀመሪያ ቀን ስለ ዝናቡ፣ ስለዚያች ባለ ቁልፍ ደንበኛም አወሩ። በሌላው ቀን ያቺን ባለ ቁልፍ ደንበኛ አነሳላት፤ «መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቃት። ይኸውልሽ፣ «ቀጥ ብያለሁ ወይ?» ካልሆነ በቀር ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። ያንን አንድ ጥያቄ ስትመልስ ላውንደሪውን አልፋ ሄዳለች አሉ። ትናንት ደግሞ «ቦርሳሽን ልያዝልሽ» አላት። አንቺ ነው ያላት፤ አንቱታውን መንገዱ በላው።

ኧረ ክፉ እንዳታስቢ! እሱ ጨዋ ሰው ነው፣ እሷም ጨዋ ሴት ናት። እንዲያው ሰው አብሮ ሲሄድ… ይላመዳል። ብሎንም መፍቻም አያስፈልገው።

ልትሄጂ ነው? በይ እንግዲህ አልይዝሽም፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ለዚያ ለማታውቂውም ሰው ጸልዪለት፤ እኔ በየጠዋቱ እጸልይለታለሁ። እግዜር ብስክሌቱን ያልምድለት። መቀመጫው ይመቸው፣ መሪው ይታዘዝለት፣ ጎማውን እሾህ አይንካው። እንደ ነፋስ ሽው ብሎ የሚሄድበትን ቀን ያምጣለት፣ ዞር ብሎ ማየትም አያስፈልገው። ስለ እኛ ሐሳብ አይግባው፣ አንቸኩልም… እያወራን በእግራችን ቀስ ብለን እንደርሳለን።