ጋሽ ኩርያኮስና የዝንጅብሉ ግቢ

ጋሽ ኩርያኮስ፣ በዛሬው የጡረታ ሽኝትዎ የማወራው እኔ ነኝ። ለአንድ ቀን ዝም ብሎ ማዳመጥ ለአስጎብኚ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቻሉት።

እኚህ ሰው ወደ ቢሯችን ሥራ ሊጀምሩ የመጡ ዕለት ምን እንዳደረጉ ያልሰማችሁ አዲሶች አላችሁ። አዲስ ነጭ ሽርጥ አገልድመው፣ ፀጉራቸውን በኮኮናት ዘይት አስተኝተው መጡ። አለቃችን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ አስረከቧቸው። ወደ ድሮው የአይሁድ ሰፈር፣ ወደ ማታንቼሪ ወሰዷቸው። ከምኩራቡ ፊት ለፊት ቆመው ስለ ወለሉ ሸክላ፣ ስለ መብራቶቹ፣ ስለ ሰዓቱ ደረት ነፍተው አስረዱና በሩን ቢገፉት አልከፈት አለ። ቅዳሜ ነበር! ምኩራብ ቅዳሜ ለጎብኚ እንደማይከፈት በዚያ መንገድ የሚውሉት ፍየሎች እንኳ ያውቃሉ።

"ታዲያ ምን አደረጉ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ምን ላድርግ ሱማቲ? ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰዎቹ እኔን ያያሉ። ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ በር ክፍት ነበር፤ ገባሁ።"

የዝንጅብሉ ግቢ ነበር። ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው የደረቀ ዝንጅብል ይለቅማሉ። ጎብኚዎቹ ከበሩ ሳያልፉ ያስነጥሱ ጀመር። የለቃሚዎቹ አለቃ እማማ ካልያኒ ቀና ብለው፣ "አንተ፣ እነዚህን ሁሉ ከየት ነድተህ አመጣህብኝ? ሥራ ፈት ከሆኑ ወንፊት አለ፣ ይንፉ!" አሉ።

ጋሽ ኩርያኮስ ወደ ጎብኚዎቹ ዞረው፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቤት ያፈራውን ሥራ እንካፈል ይላሉ" ብለው ተረጎሙ። ሰዎቹም ነፉ። እየሳቁ፣ እያስነጠሱ ነፉ። ማታ አለቃችን ሊቆጧቸው ሲጠብቁ፣ ጎብኚዎቹ እያደነቁ ያነሱት የዝንጅብሉን ግቢ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግቢው የሁላችንም ጉብኝት መቆሚያ ሆነ።

የቀረውን ታውቃላችሁ። ከጥላ ጥላ እየዘለሉ መሄዳቸውን፣ የቻይና የሚባሉት ትልልቅ የዓሣ መረቦች ጋ ሲደርሱ "ፎቶውን ተዉት፣ ገመዱን ሳቡ!" እያሉ መጮኻቸውን። ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ጎብኚ ሴትዮ ያለቻቸውንም እዚያው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። የጥንቱ መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር ባዶ እንደሆነ፣ አጥንቱን ወደ አገሩ እንደወሰዱት ነገሯት።

"ባዶ ከሆነ ታዲያ ምን ልናይ መጣን?" አለች።

"ባዶነቱን ነዋ እመቤት! የሞላ መቃብርማ አገርሽም አለ።"

አሁን ሳቃችሁን ያዙልኝ። የሚቀጥለው አያስቅም።

ግቢው መሸጡን ሁላችንም እናውቃለን። የገዙት ሰዎች መጀመሪያ የመጡት በጋሽ ኩርያኮስ ጉብኝት ነው። ከሌላው ጎብኚ ጋር ተሰልፈው ገቡ። ስለ ጣሪያው ዕድሜ ጠየቁ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ። ጋሽ ኩርያኮስ ያን ቀን ቢሮ ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር። "ዛሬ እውነተኛ ጠያቂ አገኘሁ" አሉን። ዝናቡ ሲያባራ ሴቶቹ እንዲወጡ ተነገራቸው። አሁን ሆቴል እየሆነ ነው። ለጋሽ ኩርያኮስም እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጠው የግቢውን ታሪክ እንዲያወሩ ሥራ አቀረቡላቸው።

"ዝንጅብል በሌለበት በምን ላስነጥሳቸው?" ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አያልፉም። ከለቃሚዎቹ አንዷን ሩቅ ካዩ መንገድ ይሻገራሉ። አንድ ቀን ጀልባ ስንጠብቅ ሳልጠይቃቸው፣ "በሩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ" አሉኝ።

"ባያሳዩአቸውም ያገኙት ነበር" አልኩ።

"ሊሆን ይችላል። ያሳየኋቸው ግን እኔ ነኝ።"

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ብዬ ላሰናብትዎ አስቤ ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው ነዎትና የሽኝት ቃል መሆኑን ያውቁብኛል። ሁላችንም በዚያ በር ሰው አስገብተናል። እንጀራችን ነበር።

ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ላመስግንዎ። ልጄን የወለድኩ ጊዜ የእኔን ተራ ከራስዎ ጋር ደርበው ሠርተዋል፤ የነገሩኝ አለቃችን ናቸው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ጎብኚን ድንጋይ ከማሳየት በፊት ሰው ጋ መውሰድን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ግቢው ሲገቡም የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር። እኛ ይህን አናደርግም ነበር።

ትናንት እማማ ካልያኒን ፍለጋ ሄድኩ። አሁን ዓሣ በሚዘጋጅበት ቤት የሽሪምፕ ቅርፊት ይልጣሉ። እጃቸውን ከሥራው ሳያነሱ አዳመጡኝ።

"የሱ ጥፋት ነው አይደለም እያልሽ አትጠይቂኝ፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም" አሉ። "ግቢው ሄዷል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስውል ጣቶቼም እየሄዱ ነው። ግን ያን ሁሉ ዘመን ስሜን ጠርቶ ከሰው ያስተዋወቀኝ እሱ ብቻ ነው። አሁን ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። እኔን የሚያስከፋኝ ይሄ ነው።"

"ነገ ሽኝቱ ላይ ይምጡና ይንገሯቸው" አልኳቸው።

"ከመጣሁ የምነግረው ሌላም አለኝ፤ ደስ አይለውም።"

"ይሁን" አልኩ።

መጥተዋል፣ ጋሽ ኩርያኮስ። ከኋላ፣ መስኮቱ ጋ ናቸው። ሲገቡ አይተዋቸዋል፤ እኔም ማየትዎን አይቻለሁ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጋሽ ኩርያኮስ፣ ጉልበትዎ አይዛል፣ ዓይንዎ አይፍዘዝ። የልጅ ልጆችዎ እየጎተቱ ያስጎብኙዎት። የሚሸሹት መንገድ፣ የሚሸሹት ሰው አይኑርብዎ። ለጤናዎ!

ጠጡ። አሁን ይነሱና ወደ መስኮቱ ይሂዱ። የሚሉዎትን ይስሙ፤ መልስ ባይኖርዎትም ይስሙ። እኛ ሙዝ ጥብሳችንን እንበላለን፣ ወደዚያ አናይም።