የኮንሶው ካባ

እትዬ ደሳለች፣ እንዴት ዋሉ? ዝናቡ የቁስቋምን ዳገት አጨቅይቶት፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ መምጣት ነበር የቀረኝ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገባ አሉ፣ ሰምተዋል? የወንድምዎ ልጅስ ደህና ነው? ጌታ ይመስገን። ስለ እሱ ለማውራት እንኳ አልመጣሁም።

ግን እንዲያው... ትሑት ሰው ማየት ደስ አይልም? እኛ መዘምራን በክርስቶስ እኩል መሆናችንን ለማሳየት፣ እያንዳንዳችን የሌላውን ብሔረሰብ ልብስ በዕጣ አውጥተን እንልበስ ተባባልን። ለቶለሳ የዶርዜ ሱሪ ደረሰው፤ ለማሚቴ የሐረር ቀሚስ። አንድ ሰው ብቻ ዕጣ አላወጣም። ከእኩሎችም መካከል ፊት የሚቆም ያስፈልጋል አይደል? መርጦ ወሰደ።

የመረጠው እኔ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ ያመጣሁትን ነው፤ ኮንሶ ቤታቸው ያሳደሩኝ እናት ለመታሰቢያ የሰጡኝን። ነጭ ነው፣ ሁለት ደርብ፣ ጠርዙ ባለ ቀለም። ብድግ አደረገና አንገቱ ላይ አሰረው። «ካባ ነው» አለ። እኔ «እ... ማለቴ...» ስል፣ «አንቺ ልብሱን አምጪ፤ ለማሰቡ እኛ አለን» አለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ለብልህ አይነግሩም ይባል የለ? እኔም አልነገርኩም።

ይኸው ሁለት ዓመት፣ እሱ በየእሑዱ ሲለብሰው፣ እኔ በሆዴ ይዤው ኖርኩ። አፍሬ ነው፣ እትዬ። እንዲያ ድምፁ ለሚያምር፣ ቁመቱ ለሚያምር ወንድም፣ «ይሄ እኮ የሴት ጉርድ ነው፤ የሚታሰረው ከወገብ ነው» ተብሎ እንዴት ይጀመራል? ደግሞስ ያምርበታል። እኛ እኩልነትን በአፋችን ስንዘምር፣ እሱ በትከሻው ተሸከመው። ሴትን እንዲህ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ወንድ ስንት አለ?

ብቻ... እሑድ ከኮንሶ ሦስት እናቶች በእንግድነት ይመጣሉ አሉ። ፊት ለፊቱ ነው የሚቀመጡት። ሦስቱም ያንኑ ለብሰው ነው የሚመጡት... በወገባቸው። ጨዋዎች ናቸው፣ አይስቁበትም። እርስ በርስ ግን መተያየታቸው ይቀራል?

የሚቀርበው ሰው ካለ፣ አክስትም ትሁን፣ ይንገረው። እኔ ምን አውቃለሁ? ካልነገረውም፣ ሽንሽኑን ደህና አድርጎ ይተኩስለት፤ እንግዶቹ ያያሉ።

እኔማ በጸሎቴ ረስቼው አላውቅም። ጌታ መልካም ሚስት ይስጠው፤ ትዕግሥተኛ፣ ጠዋት ጉርዷ ቢጠፋባት ሳትቆጣ፣ በመጀመሪያ ትከሻው ላይ የምትፈልግ። አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።