የማዳበሪያ እራፊ

— ሄሎ… ሄሎ! ወአለይኩም ሰላም፣ ረዲ ወንድሜ! ትሰማኛለህ?… እህል በረንዳ ነኝ እንጂ፣ የት እሆናለሁ? ጆንያዬን እየሰፋሁ።

— እንዴ፣ ሄጄማ ነበር! ሀፍሷ ልጄ ለዶክትሬቷ ስትፈተን እቀራለሁ?… ተፈትና ጨርሳለች። «ውጡና ውጤቱን ጠብቁ» አሉን። ልቤ አልቻለም፣ ታክሲ ይዤ እልም አልኩ።… ሳቅ አንተ! አንተ ብትሆን ራስህን ትስት ነበር።

— ማሂራ፣ መርፌዬ ላይ እንዳትቀመጪ!… ማሂራን ነው፣ አብራኝ የምትሰፋዋን።

— ምን አጠናች?… አይጥ።… ኧረ አትሳቅ፣ ስማ! ሰውነት የዘር ፍሬ ሲሠራ፣ ከእናት የመጣውና ከአባት የመጣው ዘረመል ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከዚያ ራሱ ይቆርጣቸዋል።… አዎ፣ ሆን ብሎ! የተቆረጠውን ደግሞ ያኛውን እያየ ይጠግነዋል፤ በዚያው ይቀያየጣሉ። የአባባ አባትና የአባባ እናት ተቀላቅለው አንተ ላይ የወጡት በዚህ ነው።

— ታዲያ ከሁለት በጣም ከተራራቁ ዘሮች የተወለደ አይጥ ላይ፣ የተቆረጠው ቦታ ከጓደኛው ጋር አልገጥም ይላል። ጥገናው ይዘገያል፣ ወንዱም አንዳንዴ መካን ይሆናል።… የሰው ጋብቻ? ኧረ አይጥ አልኩህ! ሰው እንዲህ አይራራቅም አለች፤ ሁላችንም አንድ ቃጫ ነን።

— ቃጫ ምን አመጣው?… እሱን ልነግርህ ነው እኮ! አንዱ ሽማግሌ ፈታኝ «እስቲ እናትሽ እንዲገባት አድርገሽ ንገሪን» አላት። እኔ ከኋላ ተሸጉጫለሁ፣ የጤፍ ብናኝ ልብሴ ላይ… ቅጽ ላይ ሁሉ «እናቴ ነጋዴ ናት» በይ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ታውቃለህ። እሷ ግን ቀና ብላ «እናቴ ጆንያ ሰፊ ናት» አትል መሰለህ!

— ወላሂ! በዚያ ሁሉ ምሁር ፊት!… ከዚያ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና፣ የቃጫ ጆንያ ላይ የላስቲክ ማዳበሪያ እራፊ የሰፋችውን አወራች።… አዎ፣ ጤፉ እስከ ሶማሌ ተራ መንገድ ለመንገድ የፈሰሰው! «ድርና ማጉ ካልገጠመ መርፌ ቢመላለስም ክሩ አይዝም» ብዬ የተቆጣኋትን፣ ቃል በቃል! «ጥናቴን የጀመርኩት ያን ቀን ነው» አለች። እኔማ አፌን በሻሼ ይዤ አለቀስኩ። ኩራት እንዲህ ያስለቅሳል እንዴ፣ ረዲ?

— ካላለፈችስ?… አፍህን ቁረጠው!… እኔም እሱን እየፈራሁ ነው። ስድስት ዓመት ነው እኮ የለፋችው። የኔን ነገር ባታነሳ ይሻል ነበር ይሆን? ነጋዴ ብትል ኖሮ…

— ቆይ… ቆይ፣ ረዲ። ማሂራ፣ ያቺ የምትመጣው ማናት?… ሀፍሷ! ሀፍሷ ልጄ፣ ምን አሉሽ?… ያ አላህ! ረዲ፣ አለፈች! አልሀምዱሊላህ!… ኧረ ቆይ ልጄ፣ ልብሴን ላራግፍ፣ ብናኝ በብናኝ ነኝ… አልሰማችኝም፣ ረዲ፣ አቀፈችኝ! ጥቁር ኮቷ ነጭ ሆነ!

— ምን?… ጆንያ ተሸካሚዎቹ ወዛደሮች ናቸው የሚጮሁት። «ዶክተሯ የማን ልጅ ናት?» ይላሉ።… ቆይ፣ እኔው ልመልስላቸው — የጆንያ ሰፊዋ! የጆንያ ሰፊዋ ልጅ ናት!… በል ቻው፣ ሁለቱም እጄ ያስፈልገኛል።